በሁለት ቅንፎች መካከል የቀረው ሰው

የከተማዬን ስም አልነግራችሁም። መደበቄ አይደለም፤ ስሟ የሚታወቀው በአጥሯ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ብጠራላችሁም ባዶ ድምፅ ነው የሚሆንባችሁ። እኔ አለነ እባላለሁ። ሥራዬ አስታዋቂነት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጮኼበታለሁ። ጉሮሮዬ ጥሩ ነው፣ ትንፋሼ ረጅም ነው፣ ከአንድ ጊዜ በቀርም ተሳስቼ አላውቅም። የምተርከው ስለዚያች አንድ ጊዜ ነው።

አስቀድሜ ሕጋችንን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ሕጉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ቀድሞ ያልተነገረ አይታወቅም። የተነገረም ከተነገረበት አጥር አያልፍም። በቃ፣ ይኸው ነው። ወደ ከተማችን የሚገባ እንግዳም ሆነ የሚገዛ ከብት፣ ከመምጣቱ በፊት በአስታዋቂ አፍ መነገር አለበት። በአደባባዩ ድንጋይ ላይ ከተነገረ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ከተነገረ የሚያውቀው ግቢው ብቻ ነው፤ በጓዳ ከተነገረም እዚያው ጓዳ ይቀራል። አንድ ጎረቤቴ ድመቱን ማድ ቤት ውስጥ ብቻ አስታውቆ ነበር። ድመቷ ሳሎን ስትገባ ቤተሰቡ በሙሉ እንደማያያት ሆኖ ይቀመጣል፤ እግራቸው ላይ ብትተኛም ዝም ነው። ሌላው ደግሞ ጥጃውን በውሃ ሹሙ ስም በግቢው አስታወቀ። የውሃ ሹሙ ሊገሥጸው ግቢው ቢገባ፣ በዚያ አጥር ውስጥ ስሙ የጥጃው ስለሆነ ሣር አቀረቡለት። ሹሙም ሕግ አክባሪ ነበርና አመስግኖ ወጣ።

ይህን ሕግ የሚያስከብረው የበሩ አንባቢ ነው። በእኔ ዘመን አንባቢው አብሮ አደጌ ታክሎ ነበር። ታክሎ የከተማዋን ትልቅ መዝገብ ከላይ ወደ ታች ያነባል። ወደ ታች ብቻ። ያለፈውን ገጽ ነፍሱን ቢሰጡት አይገልጥም፤ የሚመጣውንም አሾልኮ አያይም። አንድ ስም ሲያጋጥመው፣ ከዚያ በላይ ተነግሮ ከሆነ ያውቀዋል። ከዚያ በታች ቢነገር ለታክሎ እንዳልተነገረ ነው። መዝገቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ተዘግቶ እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ይጀመራል። በዚያ ሳምንት እኛ አስታዋቂዎች በአጥሩ ውስጥ ያለውን ነዋሪ ሁሉ ደግመን ስለምንጠራ ድምፃችን ይዘጋል። በአጥሩ ውስጥ የሌለ ሰው ግን አይጠራም፤ ወጥቶ የቀረ ስሙ ይወድቃል።

ታክሎ ሌላም ሥራ ነበረው፤ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። በብጣሽ ወረቀት፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ ለሁሉም ሰው ስለሁሉም ነገር ይጽፋል። ‹ያስነገርከውን አካፋ አልተጠቀምክበትም› ይላል። ‹በቅሎህ ከጋሪህ ትበልጣለች› ይላል። ማስጠንቀቂያ ማንንም አያስቆምም፤ ማኅተሙ ከተመታ ሰው ያልፋል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ በታክሎ ማስጠንቀቂያ ሚጥሚጣ ይጠቀልልበታል።

ዘርፌ የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ። ባሏ እንዳላማው ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ከተማችን ሁለት አጥር አልበቃት ብሎ ሦስተኛውን ልትሠራ ስትነሳ፣ እሱን ከሌሎች ጋር ወደ ሩቁ የድንጋይ ካባ ላከችው። ሲሄድ ዘርፌ ነፍሰ ጡር ነበረች። አራት ዓመት ቆየ። እሱ የፈለጠው ድንጋይ በየወሩ በጋሪ እየመጣ አጥሩ ላይ ተደረደረ፤ እሱ ግን አልመጣም። ስሙም ከመዝገቡ ወደቀ። ልጁ ትብለጥ አባቷን ሳታይ አራተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ዘርፌ ነጠላዋን እየጎተተች እየሮጠች መጣች። እኔ ከአደባባዩ ድንጋይ አጠገብ ወረፋ አስከባሪውን አዋራ ነበር።

«ጋሼ፣ ይመጣል!» አለችኝ።

«ማን?» አልኳት። ማን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ስሙ ገና አልተነገረምና ማን ማለት ነበረብኝ።

«እንዳላማው ነዋ! ሌላ ማን አለኝ? ነጋዴዎቹ መልእክት አመጡልኝ። ደረቱን ታሟል አሉ፣ የድንጋይ ብናኝ ገብቶበት። ከሐኪማችን እጅ ቶሎ ከገባ ይተርፋል፣ ካልሆነ ግን…» ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች። «እባክህ ጋሼ፣ ድንጋዩ ላይ ውጣልኝ።»

ዘወር ብዬ ወረፋውን አየሁት። አርባ ሰው ይሆናል። ካፊያ ጀምሮ ነበር። እሑድ ደግሞ የአንድ ሀብታም ሠርግ ነበረብኝ፤ ሁለት መቶ እንግዳ በስም የምጠራበት፤ ለዚያ ጉሮሮዬን እያስቀመጥኩ ነበር። ለእህቴ ባል አንድ ጩኸት የነፈግሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ምክንያት ቢኖረኝ በወደድሁ፤ የለኝም።

«ምን ወረፋ ያስቆምሻል?» አልኳት። «ለበሩ ልመና ማስገባትሽ አይቀርም። ልመናው ላይ ደግሞ ስሙ ይጻፋል። እዚያው እናስታውቀዋለን።»

«ይበቃል?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?»

አመነችኝ። ልመናውን እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። በእኛ አገር ልመና ሲጻፍ የሚመጣው ሰው በሁለት ቅንፎች መካከል ይገባል፤ ቅንፎቹ በቀይ ቀለም ይሠመራሉ። እንዲህ የሚል ነበር፦ የከተማው በር ( ይመጣል የተባለውን የዘርፌን ባል እንዳላማውን ) ተቀብሎ ያስገባል። እጄ ጥሩ ነው፣ ቅንፎቹ አምረው ወጡ። ልመናውን ወደ በሩ ወስጄ እየጮህኩ ለታክሎ አነበብኩለት፤ እሱም መዝገቡ ላይ አሰፈረው፣ ማኅተሙን መታ፣ እንደ ልማዱም አንዲት ብጣሽ ሰጠኝ። ‹ይህ ሰው የተነገረው በቅንፉ ውስጥ ነው፤ ከቅንፉ ውጭ አይታይም› ትላለች። አነበብኳት። አንብቤ ኪሴ ከተትኳት። ‹ሳይቃጠል በቅጠል› የሚለውን ተረት ለሰው ሁሉ ስተርት የምኖረው እኔው ነኝ።

ዘርፌ በዚያው ሳምንት ወደ አናጺው ደርቤ ሄደች። የቀድሞው አልጋ ተሰብሮ ነበርና ለታማሚው ጥሩ አልጋ ልታሠራለት ነው። እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ቁመቱ ስንት ነው?» አላት ደርቤ።

«ከእኔ አንድ ስንዝር ይበልጣል።»

«እሱን አይደለም የምጠይቅሽ። መጥቷል?»

«ይመጣል ተብሏል» ብላ የልመናውን ግልባጭ ሰጠችው።

ደርቤ ወረቀቱን አየና እርሳሱን ጆሮው ላይ መልሶ ሰካው። «ይመጣል የተባለን ሰው በጣት መጠቆም ይቻላል፤ መለካት ግን አይቻልም። ሰው ቁመት የሚኖረው መጥቶ ሲቆም ነው።»

«ሰባት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ እኮ!»

«እሱ ያለፈ መዝገብ ነው እህቴ። የሰውየውን ስም ግን ከወረቀቱ አውቄዋለሁ፤ በሰላም ያምጣልሽ።» ይህን ብሎ ወረቀቱን መለሰላት። ወረቀቱን እንደመለሰ ፊቱ ባዶ ሆነ፤ «ማንን ነበር የምትጠብቂው?» ብሎ ጠየቃት።

ዘርፌ ደነገጠች። እኔ ግን ሳቅሁ። ደርቤ ድሮም ዝንጉ ነው፣ ምሳውን መብላቱን የሚረሳ ሰው ነው አልኳት። ያን ቀን ግን ዝንጉው እኔ ነበርኩ፤ ዕድሜ ልኬን የሰበክሁትን ሕግ አናጺ እያስታወሰኝ አልሰማሁትም። ያን ጊዜ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እንዴት አድርጌ እንደማስተካክለው ግን ዛሬም አላውቅም። ልመናው አንዴ ገብቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እንዳላማው መጣ። በነጋዴዎች በቅሎ ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጦ ነው የመጣው። በራችን የብረት ፍርግርግ ስለሆነ ከውስጥ ይታያል። ከስቷል፤ ቅንድቡ ላይ ነጭ ብናኝ ያለ መስሎኝ ነበር፣ ሳየው ሽበት ነው። ዘርፌ ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ ስሙን መጥራት ፈለገች፤ ግን እያለቀሰች ነበርና አልወጣላትም።

ታክሎ ከጠረጴዛው ሳይነሳ «ማነህ?» አለው።

«እንዳላማው ነኝ። ታክሎ፣ ምነው? አብረን አይደል እንዴ ወንዝ ስንዋኝ ያደግነው!»

«ቆይ፣ ልየው» አለና ታክሎ ጣቱን በመዝገቡ ላይ አስኬደ። «እንዳላማው… አዎ፣ ፈቃድ አለ። ‹ተቀብሎ ያስገባል› ይላል።»

ዘርፌ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ያ ሳቋ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

«ግን እሱ አንተ አይደለህም» አለ ታክሎ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«በልመናው ላይ ያለው እንዳላማው ከዚያ በፊት በአደባባይ አልተነገረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው በቅንፉ ውስጥ ነው። ቅንፉ ሲከፈት ተከፈተ፣ ቅንፉ ሲዘጋ ተዘጋ። አንተ ደግሞ ከቅንፉ ውጭ ቆመሃል። ስማችሁ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ናችሁ።»

«የእኔ ባል አንድ ነው!» አለች ዘርፌ።

«እኔም እሱን ነው የምለው። ፈቃድ ያለው ባልሽ ነው። ሲመጣ በደስታ አስገባዋለሁ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አይመጣም። ቅንፉ ተዘግቷል አልኩሽ እኮ።»

ይህን ሁሉ ሲል ታክሎ አልተቆጣም፣ አልተኮፈሰምም። እንዲያውም ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ ግን ያን ጊዜ የማየው ታክሎን አልነበረም። በኪሴ ያለችው ብጣሽ ጭኔን የምትወጋኝ መሰለኝ። ወደ አደባባዩ ሮጥኩ። ወረፋውን ገፍቼ፣ ወረፋ አስከባሪውን ጥዬ፣ ድንጋዩ ላይ ወጣሁና በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ጩኸት ጮኽሁ። «እንዳላማው! የዘርፌ ባል! ድንጋይ ፈላጩ! ይመጣል!» ቁራዎቹ ሁሉ ከዋርካው ተነሡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ነገር ነው።

እያለከለክሁ ስመለስ ታክሎ መጻፉን ጨርሶ ቀለሙን እየነፋበት ነበር።

«ሰማሁህ» አለኝ። «ግሩም ድምፅ ነው። አሁን አደባባዩ የሚያውቀው እንዳላማው አለ። የተነገረው ግን ከልመናው በታች ነው። ልመናው ስለሱ አያውቅም።»

«እንግዲያው አዲስ ልመና እጽፋለሁ።»

«ለአንድ በር በአንድ ስም ሁለት የማይስማሙ ልመናዎች ከቀረቡ ሁለቱም ይቀደዳሉ። ሕጉን የምታስተምረን አንተ አይደለህ?»

«የመጀመሪያውን እሰርዛለሁ።»

«የሚሰርዘው ባለስሙ ነው። ባለስሙ ደግሞ ቅንፉ ውስጥ ነው ያለው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ አለነ፣ ከልመናው በላይ አንዲት መስመር ብቻ ብትኖር ኖሮ እኮ! አንዲት! ‹እንዳላማው የሚባል አለ› የምትል። ምን ነበረበት? እኔም አስጠንቅቄህ ነበር።»

«አስጠንቅቀኸኛል።»

«መዝገቡ ሲከፈት ቀድመህ ትነግረዋለህ፤ በቃ፣ ይገባል። ቀላል ነገር ነው። ስምንት ሳምንት ነው የቀረው።»

ከፍርግርጉ ውጭ እንዳላማው ሳለ። ሳሉ ደረቅ ነው፣ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚያንኳኳ። ሁላችንም እስኪጨርስ ጠበቅነው፤ ቶሎ አልጨረሰም።

ሰው ለምን ዘርፌ ወደሱ አልወጣችም ይለኝ ይሆናል። የተነገረ ከአጥሩ አያልፍም ብያችኋለሁ፤ ከአጥር የወጣ ስሙ እዚያው ይወድቃል። ልጅቷን ይዛ ብትወጣ የሁለቱም ስም ይወድቃል፤ ትታት ብትወጣ ትብለጥ እናት የሌላት ልጅ ትሆናለች፤ እናት የሌላቸው ልጆች የሚያድጉበት ቤት ደግሞ አለን፣ ማንም ልጁን እዚያ አይሰጥም። ሐኪሙንም ለመንነው። ‹መድኃኒት የምሰጠው አይቼ ነው፤ ያልታወቀን ሰው ደግሞ ማየት አልችልም› አለን። እሱም ቢወጣ ስሙ ይወድቅበታል፤ ስም የሌለው ሐኪም ደግሞ ማን ይታከምበታል? ምግብ ማቀበል ግን ይፈቀድ ነበር። ለማኝ ስም አያስፈልገውም ይላል ሕጋችን። ስለዚህ ዘርፌ ጧትና ማታ ለባሏ እንደ ነዳይ ‹ስለ ነፍስ› እያለች በፍርግርጉ መካከል ቁራሽና አጥሚት ታቀብለዋለች። ‹ስለ ነፍስ› ሳትል ከሰጠች ታክሎ መጻፍ ነበረበት።

አንድ ቀን ትብለጥን ይዛት መጣች። ልጅቱ የእናቷን ቀሚስ ይዛ በፍርግርጉ አሾልካ አየችው። እሱም አያት። ምንም አላለም፤ ቢል ደግሞ የሌለ አባት ይሆንባታል።

«እማዬ፣ ሰውዬው ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?»

«አቧራ ገብቶበት ነው የኔ እመቤት» አለች ዘርፌ።

«ትልቅ አቧራ ነው?»

«አዎ፣ ትልቅ ነው።»

እንዳላማው ጣቱን በፍርግርጉ አሾልኮ የልጅቱን ጉንጭ ነካ። ታክሎ ይህን ሲያይ መዝገቡን ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ምን ያነብ እንደነበረ አላውቅም፤ ያን ቀን ብጣሽ አልወጣም።

እንዳላማው በመጣ በአሥራ አንደኛው ቀን ጉዳያችን የስም ዳኛዋ ፊት ቀረበ። ዳኛ የሺመቤት ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሙሉውን ከሰሙ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው አንገታቸውን ወደ እኔ ሰገግ አደረጉ።

«አቶ አለነ፣ ያ ቀን ዝናብ ነበር አይደል?»

«ካፊያ ነበር፣ ክብርት ዳኛ።»

«ሰውም ብዙ ነበር።»

«አዎ፣ ብዙ ነበር።»

«እንግዲያው ልመናውን ከመጻፍህ በፊት ድንጋዩ ላይ ወጥተህ ስሙን ጠርተህ ይሆናል። ታክሎ በጫጫታው ሳይሰማህ ቀርቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። እንደዚያ ከሆነና ከማልህ፣ አንዲት መስመር ከልመናው በላይ እንድትገባ ላዝዝ እችላለሁ።» አየት አደረጉኝ። ከዚያ ቀጠሉ፦ «በሐሰት የማለ አስታዋቂ የሚደርስበትን ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ዳግመኛ አይናገርም፤ ስሙም ከአደባባዩ ይነሣል። ልጆቹ ሳይቀሩ ማን እንደሆነ የሚያውቀው አይኖርም። በአዳራሹ ውስጥ ያን ቀን አደባባይ የነበረ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ወረፋ አስከባሪው ከኋላ ተቀምጧል። ከንፈሩን እያሸ ያየኛል፤ የሚያየኝ እንድዋሽ ይሁን እንዳልዋሽ አላውቅም። ዘርፌ ከፊቴ ነበረች። እጆቿን አጣምራ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ አዎ እንድል ትጠብቃለች።

«አልጠራሁም» አልኩ። «በፊት አልጠራሁም።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እውነቱን ስለተናገርክ ፍርድ ቤቱ ያመሰግንሃል» አሉ። መዝገብ ቤት ውስጥ ያ ምስጋና በስሜ ተጽፎ ይገኛል። በሕይወቴ ከሠራሁት ኃጢአት ሁሉ የሚከብደኝ ያ እውነት ነው። ዋሽተው የሚጸጸቱ ሰዎች አይቻለሁ፤ እኔ ሳልዋሽ ነው የተጸጸትኩት፤ ማንም ደግሞ ንስሐ አይሰጠኝም፣ ምን አጠፋህ ነው የሚሉኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ ሄድኩ። ዘርፌ አልተከተለችኝም። እንዳላማው ከግንቡ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ምናልባት ከራሱ ድንጋዮች አንዱ ይሆናል የተደገፈው፤ እሱ ቢያውቀውም አልነገረኝም።

«እንዴት ሆነ ጋሼ?» አለኝ።

«አልሆነም።»

«ዳኛዋ ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ።»

ቀና ብሎ ግንቡን ተደገፈ። ትንፋሹ እንዲመለስለት ይሁን ሌላ ነገር ሊለኝ ፈልጎ አላውቅም። «እኔም ብሆን እፈራ ነበር» አለ በመጨረሻ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢተፋብኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃ ስጠኝ አለኝ፤ ‹ስለ ነፍስ› ብዬ ሰጠሁት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተ። ነጋዴዎቹና ከበሩ ውጭ የሚያድሩ ነዳያን ቀበሩት። ስም ለሌለው ሰው ጉድጓድ ለመቆፈር ስም አያስፈልግም፤ ፈጥነው ጨረሱ። እኛ በፍርግርጉ አየን። ዘርፌ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ታክሎ እጁን አነሣ። በሕጉ መሠረት የሞተው ባሏ አልነበረም። ባልሽ በልመናው ውስጥ አለ፤ አልመጣም፤ ያልመጣ ሰው ደግሞ አይሞትም አላት። 

እድራችን ድንኳን ሊተክል አልቻለም። ሽማግሌዎቹ ለማስረዳት ቤቷ ድረስ መጡ፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። «ልጄ፣ ከል እንዳትለብሺ» አሏት። «ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ከል ለብሳ ብትታይ በራሷ ላይ ማሟረት ነው።» አንዲት አሮጊት ደግሞ ከልቧ አቅፋ ሳመቻትና «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ያንቺ አይደለም የሞተው» አለቻት። ዘርፌ አሮጊቷን አመሰገነቻት። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፣ ድምፅ እንዳይወጣት። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ወደ እኔ አልዞረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ ስሄድ በር ትከፍትልኛለች፣ እንጀራ ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም።

ክረምቱ ወጣ። መዝገቡ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አደባባይ ሄጄ አደርኩ ማለት ይቻላል፤ ጎህ ሲቀድ ከድንጋዩ አጠገብ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ያሰብኩት ይህ ነበር፦ ከነዋሪው ሁሉ በፊት፣ ከልመናው ሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የእንዳላማውን ስም እጠራለሁ። ከታወቀ መቃብሩ ይታወቃል። መቃብሩ ከታወቀ መጥቶ እንደነበረ ይታወቃል። መጥቶ ከነበረ ደግሞ ሞቷል፤ ዘርፌ ታለቅሳለች፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ትብለጥም አባት እንደነበራት ትሰማለች። ሌሊቱን ሙሉ ስደጋግመው ቀዳዳ አላገኘሁበትም። ታክሎም መዝገቡን ወደ አደባባይ አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ ብዕሩን ነክሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ‹ቶሎ በል› ይለኝ ነበር።

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ሳንባዬን ሞላሁ።

«ውረድ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዘርፌ ናት። ከድንጋዩ ሥር ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየኋትም። ከወር በላይ ያልሰማሁት ድምፅዋ ነው።

«ዘርፌ፣ አሁን እኮ የመጀመሪያው መስመር ነው» አልኳት። «ከላይ ነው። አሁን ይታወቃል። አሁን ማልቀስ ትችያለሽ።»

«ውረድ አልኩህ ጋሼ።»

«ላንቺ ብዬ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። የሱ ስም ግን ካንተ አፍ አይወጣም።»

 አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሕዝቡ ያየናል፤ ታክሎ ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቃል፤ በዚያ ከተማ ውስጥ ሌላ አስታዋቂ ለእሷ አይጮህላትም፣ የቤተሰብ ሞት የሚነገረው በቤተሰብ አስታዋቂ ብቻ ስለሆነ። ይህን እሷም ታውቃለች። አውቃ ነው የመጣችው። እኔም አወቅሁና ትንፋሼን በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ አወጣሁት፤ ጉልበቴን በእጄ ደግፌ ከድንጋዩ ወረድኩ።

ከኋላዬ ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ሰውዬ ጫማውን ጠርጎ ወጣና ከገበያ ሊገዛት ያሰባትን ላም አስታወቀ። ቡላ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ አንድ ጡቷ አይታለብም። ታክሎ አንድም ሳያስቀር ጻፈው።